በኦክ በርሜል የከረመ ባርሊ ዋይን እንዴት ይቀመሳል?

ባርሊ ዋይን ቃል በቃል «የገብስ ወይን» ማለት ነው። ወይን ግን አንድ ፍሬ የለበትም። ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ በጣም ጠንካራ ቢራ ነው። እንግሊዝ አገር በርተን ከተማ የነበረው ባስ የተባለ ጠማቂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠንካራ ቢራውን በዚህ ስም ያስተዋውቅ ጀመር፤ ስሙም በዚያው ጸና። ተራ ቢራ በጥቂት ወራት ይደክማል። ይህን ግን አልኮሉና የብቅሉ ብዛት ስለሚጠብቁት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይከርማል።

እኔ የምወደው ሃርቨስት ኤል የሚባለውን ነው። ማንችስተር አጠገብ ሚድልተን ውስጥ ያለው ጄ ደብሊው ሊስ የተባለ ጠማቂ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠምቀዋል፤ በየዓመቱ አዲስ በደረሰ ገብስና ሆፕስ (ቢራን የሚያመር ተክል)። የአልኮል መጠኑ 11.5 በመቶ ነው። የተጠመቀበት ዓመት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ከፊሉ ደግሞ ሼሪ ወይም ፖርት (ጠንካራ የወይን ጠጆች)፣ ካልቫዶስ (የፖም አረቄ) ወይም ላጋቩሊን ውስኪ በነበረባቸው፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠሩ በርሜሎች ውስጥ ይቆያል።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ ዓመታት ካስቀመጣችሁ በኋላ ከፍታችሁ እንደ ተራ ቢራ ብትጨልጡት ያሳዝናል። አንድ ሙሉ ምሽት ስጡት።

ከመክፈታችሁ በፊት

ከተቻለ ሁለት ጠርሙስ አዘጋጁ፤ አንዱ የቆየ፣ ሌላው የቅርብ ዓመት። ከምክሮቼ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። የቆየው ብቻውን ሲቀመስ ዝም ብሎ «ጣፋጭ ነው» ይባላል። አዲሱ አጠገቡ ሲቀርብ ግን ዓመታቱ ምን እንደጨመሩና ምን እንደወሰዱ ምላስ ራሱ ይናገራል።

ጠርሙሱ ቆርኪ ስላለው አስተኝቶ ማክረም አያስፈልግም። ተኝቶ ከነበረ ግን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ አተላ ካለው ይወርዳል። በብርሃን ፊት ያዙትና የፈሳሹን ከፍታ እዩ። ከአንገቱ በጣም ወርዶ ከሆነ ቆርኪው አየር ሲያስገባ ኖሯል ማለት ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት አውጡት። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ላይ መጀመር ጥሩ ነው። በረዶ የሆነ ባርሊ ዋይን ሽታው ይታፈናል።

ክፍሉንም አስቡበት። በዚያ ምሽት እጣን አይጨስ፣ ቡና አይቆላ፣ ወጥ አይንተክተክ፣ ሽቶም አትቀቡ። እነዚህ ሁሉ የምንወዳቸው ናቸው፤ አፍንጫን ግን ቀድመው ይይዙታል።

ብርጭቆው የኮኛክ ቢሆን ይመረጣል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ። ሽታ ከሆዱ ይሰበሰባል፣ በጠባቡ አፍ ይወጣል። የጠጅ ብርሌም ሆደ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ግን ለዚህ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፣ አፍንጫ አያስጠጋም። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የሳሙና ሽታ የቀረበት ብርጭቆ ሁሉን ያበላሻል።

ሲቀዳ

ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ ከብርጭቆው ሲሶው ይበቃል። አተላ ካያችሁ የመጨረሻዋን ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ተዉአት። አረፋው ትንሽ ቢሆን ወይም ቶሎ ቢጠፋ አትደንግጡ። ጠንካራና የቆየ ቢራ ጠባዩ ነው።

መጀመሪያ አፍንጫ

ሳትነቀንቁት አሽትቱ። አጠር አጠር እያደረጋችሁ፣ ሁለት ሦስቴ። ከዚያ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርጉና እንደገና። አፍንጫችሁን ወደ ውስጥ አትክተቱት፤ አልኮሉ ያቃጥላል።

ብዙ ሰው «ምን ማለት እንደምችል አላውቅም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ፈረንጆቹ የሚጽፉትን የፍራፍሬ ዝርዝር መፈለግ የለባችሁም። የራሳችሁን ቃል ተጠቀሙ። ከብቅሉ የሚመጣውን እናውቀዋለን፤ የተቆላ ገብስ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ስኳር። እርጅናው ዘቢብ፣ ተምርና ጥቁር ማር ያመጣል። ይህ የሚሆነው በጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት አየር ቢራውን በዝግታ ስለምትለውጠው ነው። ቢራው ወደ ሼሪ ይጠጋል።

እንጨቱ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ኦክ ቫኒላ የሚሸት ንጥረ ነገር በውስጡ አለ፤ ኮኮናት የሚመስልም አለ። በርሜሉ ከቢራው በፊት የያዘው መጠጥም ይጨምራል። ላጋቩሊን ውስኪ ብቅሉ የሚደርቀው በፒት ጭስ ነው፤ ፒት ከረግረግ ተቆርጦ የሚነድ አፈር ነው። ያንን በርሜል ያለፈ ባርሊ ዋይን መጀመሪያ ስቀምስ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ወይራ» ነበር። እናቴ ለጠላ የምታዘጋጀውን ጋን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥን የነበረው ሽታ። ሁለቱ ጭሶች አንድ አይደሉም፤ የፒቱ ወደ መድኃኒት ያደላል። ግን መጠጥ ውስጥ ጭስ ማጣጣም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው በዚህ ከብዙ ቀማሽ ይቀድማል።

ከዚያ ምላስ

ትንሽ ፉት በሉ። የመጀመሪያዋን ጉንጭ አትፍረዱባት፤ አፍን የምታለማምድ ናት። ሁለተኛዋን አፋችሁ ውስጥ አንከባልሏት፣ ከዚያ ዋጡና በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ሽታው ከኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስት ነገር ተከታተሉ። አንደኛው ምሬት ነው። ሆፕስ ለቢራ እንደ ጌሾ ነው፤ ምሬቱ ግን በዓመታት ይደክማል። ስለዚህ የቆየው ከአዲሱ ይልቅ ጣፋጭ መስሎ ይቀርባል፤ ስኳር ተጨምሮበት አይደለም። ሁለተኛው አልኮሉ ነው። ደረትን የሚያሞቅ ከሆነ መልካም፣ ጉሮሮ የሚፍቅ ከሆነ ገና አልበሰለም። ሦስተኛው እንጨቱ ነው። ጠንከር ያለ ሻይ እንደጠጣችሁ ድድን ቢያደርቅ ያ የኦክ ታኒን ነው። ትንሹ ጣፋጩን ይገታል፣ ብዙው ግን አፍ ያጣብቃል።

ተዉት ይሙቅ

አሁን ብርጭቆውን አስቀምጡትና ጨዋታችሁን ቀጥሉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ከዚያም ከሌላ 20 ደቂቃ በኋላ። ወደ 16 እና 18 ዲግሪ ሲጠጋ ሌላ መጠጥ ይሆናል። መጀመሪያ ጭስ ብቻ የነበረው ከሥሩ ማር ያወጣል። ሁለቱን ዓመታት እያፈራረቃችሁ ቅመሱ፤ በመሀል ውሃ ጠጡ። የምታገኙትን በየጊዜው ጻፉ፤ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

አርጅቷል ወይስ ተበላሽቷል?

ዘቢብና ሼሪ የመልካም እርጅና ምልክቶች ናቸው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አየር በዝቶበታል። የሶይ ሶስ ዓይነት ጨዋማ ሽታ ከሞተ እርሾ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቂቱ ይታገሱታል፣ ሲበዛ ግን ሌላውን ይሸፍናል። ቢራው ጨርሶ ኮምጣጤ ከሆነ ተበላሽቷል፣ አፍስሱት። እኔ አንዱን ጠርሙስ ምድጃ በላይ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ አክርሜ ካርቶን ሆኖ አገኘሁት። ሙቀት እርጅናን ያፋጥናል፤ ጨለማና እንደ ምድር ቤት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያሻዋል።

ምን ይበላበታል?

እንግሊዞቹ ስቲልተን የሚባለውን ሰማያዊ የሻጋታ መስመር ያለው አይብ ያቀርባሉ፤ ጨዋማው አይብና ጣፋጩ ቢራ በእርግጥም ይስማማሉ። ቤት ያለ የገብስ ቆሎም ጥሩ ነው። በርበሬ ያለበት ምግብ ግን ይቅር። አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ የእንጨቱም ጣዕም ይጠፋል።

መጠኑንም ልብ በሉ። 275 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ11.5 በመቶ ወደ 32 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ይይዛል። ይህ 5 በመቶ ከሆኑ ሁለት የ330 ሚሊ ሊትር ቢራዎች ጋር ይቀራረባል። አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ወይም ለሦስት ተካፈሉት። መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ማሽተቱ ይብቃው።

ብርጭቆዎቹን ማታውኑ አትጠቡ። ጠዋት ስትነሱ ባዶውን ብርጭቆ አንሡና አሽትቱት። አልኮሉ በኖ ሄዷል፣ እንጨቱ ቀርቷል። የመጨረሻውን ማስታወሻ ከዚያ ጻፉ።