የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ወገኖቻችን መልሶቹን ሸምድደው ይገባሉ፣ ያልፋሉም። ከመልሶቹ ጀርባ ያለው ክርክር ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህ ያስቆጨኛል። ሥልጣንን እንዴት እንደሚገድቡት የዚህን ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ያህል አምርረው የተከራከሩ ሰዎች ብዙ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱ ስህተት የነጻነት አዋጁንና ሕገ መንግሥቱን ማደባለቅ ነው። አዋጁ የወጣው በ1776 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው ደግሞ በ1787፣ ፊላደልፊያ ላይ። የአዋጁ ዋና ጸሐፊ ቶማስ ጀፈርሰን በዚያ ጊዜ ፓሪስ ነበር። የሁለቱ ሥራም ይለያያል። አዋጁ የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የጆን ሎክን ሐሳብ ይዞ፣ ሕዝብ መብቱን የረገጠበትን መንግሥት ማውረድ ይችላል ይላል። ሕገ መንግሥቱ ግን የቆመ መንግሥት እንዴት ልጓም እንደሚበጅለት ነው የሚያስበው።

ሌላው፣ አርቃቂዎቹ «ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንተስኪዩ ያለውን ገለበጡ» ማለት ነው። ሥልጣንን መከፋፈልን ከእሱ ወስደዋል፤ እውነት ነው። ግን ሞንተስኪዩ ሪፐብሊክ የሚጸናው በትንሽ አገር ነው ብሎ ነበር። የሕገ መንግሥቱ ተቃዋሚዎችም ይህንኑ መዘዙ። ከአርቃቂዎቹ አንዱ ጄምስ ማዲሰን ግን ተቃራኒውን ተከራከረ። አገሩ ሲሰፋ ጥቅምና ቡድን ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሁሉ ለመጨፍለቅ ይቸገራል። ለእኔ የዘመኑ ድንቅ ሐሳብ ይህ ነው። ክፍፍሉንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልለያዩትም። ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ይመልሰዋል፣ የኮንግረስ ሁለቱ ምክር ቤቶች (የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት) በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደገና ያጸድቁታል። ዳኛ ሲሾምም ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል። ሆን ብለው ነው አንዱ በሌላው ሥራ እጁን እንዲያስገባ ያደረጉት።

«ሕዝቡ ሁሉንም እንዲመርጥ ፈለጉ» የሚለውም ልክ አይደለም። ንጉሥን እንደፈሩ ሁሉ የብዙኃኑን ስሜትም ይፈሩ ነበር። ሴናተሮችን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1913 ነው።

የመናገርና የእምነት ነጻነት ከመጀመሪያው የነበረ የሚመስለንም ብዙ ነን። የፊላደልፊያው ጉባኤ ተወካይ ጆርጅ ሜሰን የመብቶች ዝርዝር የለውም ብሎ ሰነዱን አልፈርምም አለ። እነዚህን መብቶች የያዙት አሥሩ ማሻሻያዎች የጸደቁት በ1791 ነው።

ከሁሉ የከበደው ስህተት በባርነት ላይ ያለው ነው። «ሦስት አምስተኛ» የሚለውን፣ አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠር ያዘዘውን አንቀጽ ሲያነቡ፣ ጥቁሩ ባሪያ ከፊል ድምፅ ተሰጠው ብለው የሚረዱ አሉ። ምንም አልተሰጠውም! እሱ ሳይመርጥ ለሕዝብ ቆጠራ ብቻ ይታሰባል፤ በእሱ ቁጥር የሚገኘው የምክር ቤት መቀመጫና ለፕሬዚዳንት ምርጫ የሚሰጠው ድምፅ ባሪያ ለሚገዙት ግዛቶች ይሄዳል። «ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ከተወካዮቹ አንዱ ገቨርነር ሞሪስ («ገቨርነር» ስሙ ነው፣ ሹመት አይደለም) እዚያው ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ባርነትን አውግዟል። ሰምተውታል። አንቀጹ ግን አለፈ፤ የተሻረውም በ1868 በ14ኛው ማሻሻያ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው።