ከገጠር ነዋሪዎች ጋር የአረጋውያንን የጤና ድጋፍ እንዴት እንንደፍ?

ለገጠር አረጋውያን ድጋፍ ሊነድፍ የተነሣ ባለሙያ ሥራውን ከቀበሌ አዳራሽ ቢጀምር የሚሰማው የጎበዞቹን ሐሳብ ብቻ ነው፤ ጉልበት የከዳቸው አዛውንት አዳራሹ ድረስ አይመጡምና። ስለዚህ አስቀድሞ ከእድሩ ዳኛና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ከቤት የማይወጡትን መዝግቦ መያዝ ይገባል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአመዛኙ ያተኮረው በእናቶችና በሕፃናት ላይ በመሆኑ የአረጋውያን ዝርዝር በእጇ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ ከአረጋውያኑ ጋር ቤታቸው መዋል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ እርጅና የሚለው ከበሽታ ነጻ መሆንን ሳይሆን ሰው የሚወደውን ነገር ለማድረግ መቻሉን ነው። በመሆኑም «ምን ያምዎታል?» ከማለት ይልቅ «ድሮ ይሠሩት የነበረ፣ ዛሬ የተዉት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እናት ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩ የሚያመልጣቸው ከሆነ፣ ልጆቻቸው «እርጅና ነው» ብለው ቢያልፉትም፣ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ የተዉትን አባት ያስቀራቸው ደግሞ መሻገሪያ ያጣ ጅረት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ክኒን ሳይሆን ሁለት ግንድና መደገፊያ ነው።

የተገኘው ችግር ማን እንደሚሸከመው ሲወሰን አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም (ኮሚቴማ ሞልቷል)። እድር ድንኳን፣ ድስትና ጉልበት አለው፤ ሆኖም በአብዛኛው የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። አባላቱ ራሳቸው ተወያይተው፣ በሕይወት ላሉ አረጋውያን ውኃ መቅዳትን፣ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ማምጣትንና የጤና መድን መታወቂያ ማሳደስን በተራ የሚያደርግ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ቢጨምሩ፣ ሥራው የውጭ ገንዘብ ሲቋረጥ አብሮ አይቋረጥም። በዚህ ምክንያት ለተረኞች አበል መክፈልን አልመክርም። መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ከእድሩ የወጡ አረጋውያን ግን ከሁሉ በላይ ድጋፍ የሚሹት እነርሱ ስለሆኑ፣ በአባላት መዝገብ ብቻ ሳይወሰኑ ጎረቤት ለጎረቤት እየጠየቁ ማግኘት ያስፈልጋል።

ከ3 ወር በኋላ ወደ እነዚያው ቤቶች ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። ውኃው በተባለው ቀን የማይደርስ ከሆነም ተረኛውን ከመውቀስ በፊት ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ገጥሞ እንደሆነ ይታይ።