ዲስከስ ሲታመም፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውኃውን ይመርምሩ

ዲስከስ የተባለው የገንዳ ዓሣ ቀለሙ ሲጠቁር፣ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ሲያጣብቅና ከመንጋው ተለይቶ ጥግ ሲይዝ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው የመድኃኒት ጠርሙስ ነው። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መነሣት ያለበት የውኃ መመርመሪያው ነው፤ የተበላሸ ውኃ የሚያሳየው ምልክትና በሽታ የሚያሳየው ምልክት እጅግ ይመሳሰላሉና። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩት መርዛማ ውሕዶች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ 0 መሆን አለባቸው፤ ሙቀቱም ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከአሞኒያና ከናይትራይት አንዱ እንኳ ከተገኘ፣ የገንዳውን ውኃ ሲሶ ያህል ክሎሪኑ በተወገደለትና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ ይለውጡ፤ ለአንድ ቀንም ምግብ ያቁሙ። ማጣሪያው በቅርቡ በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ከሆነ መንስኤው ይኸው ሊሆን ይችላል፤ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በክሎሪን ይሞታሉና። የማጣሪያው ስፖንጅ መታጠብ ያለበት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነው።

ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ የሚተነፍስ ከሆነ የአየር መንፊያ ይጨምሩ፤ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ነው።

ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በቆዳው ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ፣ የነጭ ነጥብ በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋሲ ከቆዳው ሥር ተሸሽጓል ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚያገኘው ተሕዋሲው ከዓሣው ተላቅቆ በውኃው ውስጥ በሚዋኝበት ወቅት ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቦቹ ጠፉ ተብሎ ሕክምናው አይቋረጥም። ነጭ፣ ክር መሰል ዓይነ ምድር ደግሞ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲን ያስጠረጥራል፤ ሆኖም ለቀናት ያልበላ ዓሣም ይህንኑ ያሳያልና፣ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት አመጋገቡን ይከታተሉ።