«ጊዜው ያለፈበት»ን በእንግሊዝኛ ለመናገር ትክክለኛውን ቃል እንዴት መምረጥ ይቻላል

በአማርኛ መድኃኒቱም፣ ፓስፖርቱም፣ የሱሪው ስፌትም፣ ኮምፒውተሩም «ጊዜው ያለፈበት» ይባላል፤ ማንም አይደናገርም። እንግሊዝኛ ግን ለየአንዳንዱ የየራሱ ቃል አለው። ቀኑ ስላለፈበት ሽሮፕ ለመናገር «ኦልድ ፋሽንድ ሜዲሲን» ያለ ሰው፣ ሰሚው የሚረዳው ድሮ ሰው ይታከምበት ስለነበረ ዓይነት መድኃኒት ነው። ስለዚህ ቃሉን ከመፈለግ በፊት ስለ ዕቃው መጠየቅ ያሻል።

1. ቀን የተቆረጠለት ነው?

ማብቂያ ቀን ካለው ቃሉ «ኤክስፓየርድ» ነው። ለፓስፖርትና ለመንጃ ፈቃድ «አውት ኦቭ ዴት»ም ይሆናል። ማብቂያ ቀን ሳይኖረው መረጃው የቆየበት ካርታ፣ ስታትስቲክስ ወይም ሶፍትዌር ከሆነ «አውትዴትድ» ይሻላል። ስትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «አውት ኦቭ ዴት» ከስም በፊት ሲመጣ ሦስቱ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ፤ ከግስ በኋላ ሲመጣ ሰረዝ አያስፈልግም።

2. ተተክቷል ወይስ አርጅቷል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኦብሶሊት» ስለ ማርጀትም ሆነ ስለ መበላሸት አይናገርም፤ የተሻለ ነገር መጥቶ ቦታውን ወስዶበታል ማለት ነው። ከነማሸጊያው ያለ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ፍሎፒ ዲስክ ኦብሶሊት ነው። ትናንት ተገዝቶ ዛሬ የተሰበረ ስልክ ግን አይደለም። መተካቱ ገና በመካሄድ ላይ ከሆነ «ኦብሶለሰንት» ይባላል፤ ይህ ቃል ግን ከንግግር ይልቅ ለጽሑፍ ይመቻል።

የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ሁለት ቃላት አሏቸው። «ሌጋሲ» ያረጀ፣ ሆኖም ሥራው ሁሉ አሁንም በእሱ ላይ ስለቆመ ማንም ሊነቅለው የማይደፍር ሲስተም ነው። «ዴፕሪኬትድ» የሚባለው ለጊዜው የሚሠራ፣ ግን ወደፊት ሊወገድ ስለሚችል አትጠቀሙበት የተባለ ነው። የተዘጋ ድርጅት ወይም መታተም ያቆመ ጋዜጣ ከሆነ «ዲፈንክት» በሉ።

መዝገበ ቃላት ስታገላብጡም ልዩነቱን ታገኙታላችሁ። «አርኬይክ» የሚል ምልክት ያለው ቃል ዛሬም አልፎ አልፎ ወይም በተለየ ቦታ ያጋጥማል። በሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት «ኦብሶሊት» የሚባለው ግን ከ1755 ወዲህ ጥቅም ላይ ስለመዋሉ ማስረጃ ያልተገኘለት ቃል ነው።

3. ትወዱታላችሁ ወይስ ትነቅፉታላችሁ?

ለልብስና ለቤት ዕቃ ወሳኙ ይህ ነው፤ አንዱን ቀሚስ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ቃላት ሊጠሩት ይችላሉ። ስትወዱት «ቪንቴጅ» ነው። ቃሉ የወይን ዘለላ ከሚለቀምበት ወቅት የመጣ ነው፤ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 20 ዓመት የሞላውን ዕቃ በዚህ ስም ይሸጣሉ። «አንቲክ» ከዚያም ይርቃል፤ በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ መሆን አለበት። «ሬትሮ» ግን ዘንድሮ ተሠርቶ የድሮ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ የድሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቪንቴጅ እና ሬትሮ የሚሉትን ቃላት ለይቶ ያንብብ።

ስትነቅፉ «ዴትድ» የተለመደው ነው፤ ቀለሙ ወይም ቀልዱ የተሠራበትን ዘመን ያሳብቃል ማለት ነው። ችግሩ ይኸው ቃል «ቀን የተጻፈበት» ማለትም መሆኑ ነው፤ «ዴትድ ሌተር» ቀን ያለው ደብዳቤ እንጂ ያረጀ ደብዳቤ አይደለም። «ሉክስ ዴትድ» ካላችሁ ግን ግራ የሚጋባ የለም። ለሕግና ለአሠራር ጠንከር ያለ ነቀፋ ካስፈለገ «አንቲኩዌትድ» አለ። «ፓሴ» ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የሚጠነክረው የመጨረሻው ድምፅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከግስ በኋላ ይመጣል። «ኦልድ ሃት» ባርኔጣን አይመለከትም፤ ሰው አይቶት አይቶት የሰለቸው ነገር ነው። ከፊቱ «አን» ከጨመራችሁበት ግን እውነተኛ አሮጌ ባርኔጣ ይሆናል።

«ኦልድ ፋሽንድ» መሀል ላይ ነው፤ ሙገሳ ወይም ነቀፋ የሚያደርገው አብሮት ያለው ቃል ነው።

4. ስለ ሰው ከሆነ ቃሉን ቀይሩ

ሰውን «ኦብሶሊት» ማለት «አታስፈልግም» ብሎ እንደ ማባረር ነው። «ሃዝ ቢን»ም ዝናው ያለፈበትን ሰው የሚሰድቡበት ነው። ዘመኑን ያልተከተለ ለማለት «ቢሃይንድ ዘ ታይምስ» በቂ ነው። በድሮው መንገድ ሥራውን ጠንቅቆ የሚሠራን ሰው ለማመስገን ደግሞ «ኦልድ ስኩል» በሉ።

5. ከአራዳ ቃል ተጠንቀቁ

ስለ ፋሽን የሚነገሩ የአራዳ ቃላት ራሳቸው ቶሎ ጊዜ ያልፍባቸዋል። «ቹጊ» (ፋሽኑ ያለፈበት ማለት ነው) በ2021 በማኅበራዊ ሚዲያ ገንኖ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ቃሉን የሚጠቀም ሰው ራሱ ቹጊ ተባለ። ከጥርጣሬ ለመዳን «ኢት ኢዝ አውት ኦቭ ስታይል» ወይም «ኢት ኢዝ አውት ኦቭ ፋሽን» በሉ። ልብስ ከሆነ ደግሞ «ኖባዲ ዌርስ ዛት ኤኒሞር» የምትለው ተራ ዓረፍተ ነገር የትም አታሳፍርም።