የጸሎት ሕይወትዎ እንዳይቋረጥ ከየት ይጀምራሉ?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዳዊቱን ከመደርደሪያ እናወርዳለን፤ አቧራውን ጠርገን «ዘንድሮስ አላቋርጥም» እንላለን። የጾሙ እኩሌታ የሆነው የደብረ ዘይት እሑድ ሳይደርስ ዳዊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔም ይህን ለስንት ዓመት እንደ ደጋገምሁት አልቆጠርሁም። ስንፍናዬን ስወቅስ ኖሬ፣ ስሕተቱ ከመነሻው እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ስለምን፣ መጸለይ እንድችል ግን አንድም ቀን ለምኜ አላውቅም ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8፥26 እንዴት መጸለይ እንደሚገባን እንደማናውቅ ሲናገር ራሱንም ጨምሮ ነው። መንፈስ ድካማችንን እንደሚያግዝ የጻፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ፦

1. መጽሐፉን ከመግለጥዎ በፊት እርዳታ ይለምኑ። አማትበው «አቤቱ፥ እኔን ለመርዳት ፍጠን» ይበሉ። ቃሉ ከመዝሙር 69 (በዕብራይስጡ ቁጥር 70) ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ አባ ይስሐቅ የተባሉ መነኩሴ፣ ሊማር ለመጣው ለዮሐንስ ካስያን ያስያዙት ይህንኑ ጥቅስ ነበር። ሆድ ሲፈታተን፣ እንቅልፍ ሲጥል፣ ቁጣ ሲነሣ፣ ትዕቢት ሲመጣም ያንኑ እንዲል ነገሩት። አጭር በመሆኑ ለታክሲ ሰልፍም ይመቻል።

2. ልኩን ለብቻዎ አይወስኑ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊቱም ለየዕለቱ ተከፍሏል፤ የሰኞው ብቻ 30 መዝሙር ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመሸከም የሚነሣ ሰው በጉልበቱ ተማምኗል። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። «አቡነ ዘበሰማያትና አንድ መዝሙር ይበቃሃል» ቢሉዎት አይናቁት፤ እኔ ንቄው ነበር።

3. ልብዎ ሲደርቅ ድርቀቱን ራሱን ለእግዚአብሔር ይንገሩት። እንደ እኔ ግምት ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። «ሳልመሰጥ ብጸልይ ግብዝነት ነው» ይላል፤ ስሜቱ እስኪመለስ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ። በማርቆስ 9 የታመመ ልጁን ያመጣው አባት ግን እምነቱ እስኪሞላ አልጠበቀም። «አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጉድለቱን ይዞ ቀረበ፤ ልጁም ተፈወሰ። እርስዎም «ጌታ ሆይ፥ ዛሬ መጸለይ አላሰኘኝም፤ እርዳኝ» ይበሉ። ይህም ጸሎት ነው። ሐሳብዎ ገበያ ሄዶ ቢያገኙት ሳይሳደቡ ይመልሱት። እንቅልፍ ካሸነፈዎ ይነሡ፣ ይስገዱ፣ ወይም መቁጠሪያዎን ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይበሉ። በጌቴሴማኒ ሐዋርያትም አንቀላፍተዋል፤ ጌታ ቀሰቀሳቸው እንጂ አላባረራቸውም።

4. ያመለጠዎትን አያካክሱ። እኔ አንድ ሐሙስ ማታ የሰኞን፣ የማክሰኞንና የረቡዕን 80 መዝሙር ልጨርስ ተቀምጬ፣ ሠላሳውን እንኳን ሳልዘልቅ ዳዊቱን እንደ ተንተራስሁ ነጋ። ውዝፍ የሚከፈለው ለግብር ሰብሳቢ ነው። ሦስት ቀን ካለፈዎት ይቅርታ ይጠይቁና በዕለቱ ክፍል ይቀጥሉ።

5. ብቻዎን ሲያቅትዎት ሰው ወዳለበት ይሂዱ። በቅፍርናሆም ሽባውን ወደ ጌታ ያደረሱት አራት ሰዎች ተሸክመውት ነው። እግዚአብሔር የሚረዳን ብዙ ጊዜ በሌሎች ትከሻ ነው። በቅዳሴ ቆመው አንዲት ቃል ከአፍዎ ባትወጣ እንኳን ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ እየጸለዩ ነው። ዜማውን ባይችሉት አያፍሩ፤ ከኋላ ቆመው «አሜን» ማለት አይከብድም።