ጭስ ሳይታይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ሰደድ እሳትና የተቋማት ዝግጅት

ሰደድ እሳት መንደር ሲያወድም ጣት የሚቀሰረው በነፋሱና በድርቁ ላይ ነው። ስንት ሰው እንደሚተርፍ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ጭስ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት፣ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ መንገድ ሲቀየስና በጀት ሲደለደል ነው። ሊወገዱ የሚገባቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

እሳትን ሁሉ ወዲያው ማጥፋት። የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው መመሪያ፣ የታየ እሳት ሁሉ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዝዝ ነበር። ይህ አሠራር ለአሥርት ዓመታት ሲቀጥል በብዙ ደኖች ውስጥ ቁጥቋጦና የወደቀ ግንድ ተከማቸ፤ በኋላ የተነሳው እሳትም በዚያው ልክ በረታ። በተመረጠ ወቅት በጥንቃቄ የሚለኮስ ቃጠሎ ይህን ክምችት ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት የሠሩበት ዕውቀት ነው፤ ተቋማት እነሱን ሳይጠይቁ ይህን ያህል መቆየታቸው ያሳዝነኛል።

በጀቱን ለማጥፊያ ብቻ ማዋል። ውኃ የሚረጭ አውሮፕላን ለሁሉም ይታያል፤ የተመነጠረ ቁጥቋጦ ግን ማንም አያየውም። ቆጣቢው ግን ሁለተኛው ነው።

ፍንጣሪውን መርሳት። ብዙ ቤቶች የሚቀጣጠሉት ነፋስ ከሩቅ ተሸክሞ ባመጣው ፍም ነው። ፍሙ በጣሪያ አሸንዳ ውስጥ ባለ ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይሾልካል። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር አለማስቀመጥ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን አንዱ ቢያጸዳ ጎረቤቱ ካላጸዳ፣ የጎረቤቱ ቤት ራሱ ማገዶ ይሆንበታል። የጋራ ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደንቡ ደግሞ አዲስ ቤት ላይ ብቻ ከቆመ፣ በአሮጌ ቤት የሚኖረው ድሃ ሰው ጣሪያውን የሚቀይርበት ድጋፍ ሳያገኝ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ለቀላሉ እሳት ብቻ ማቀድ። የካሊፎርኒያዋ ፓራዳይዝ ከተማ ዕቅድ ነበራት፤ ነዋሪዎቿ በየቀጣናቸው ተራ በተራ እንዲወጡ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የተነሳው እሳት ግን ተራ አልጠበቀም። ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጥቂት መንገዶች ወጣ፤ መንገዶቹ ተጨናነቁ። በዚያ እሳት 85 ሰዎች ሞቱ። ዕቅድ ሲወጣ «ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወጡስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።

ለሁለት አደጋ አንድ ድምፅ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 የሃዋይዋ ላሃይና ከተማ ስትቃጠል የማስጠንቀቂያ ሳይረኖቹ አልጮኹም። ባለሥልጣናት የሰጡት ምክንያት፣ ሕዝቡ ሳይረኑን ከሱናሚ ጋር ስለሚያያይዘው ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሸሻል የሚል ነበር። የስልክ መስመርም ተቋርጦ ስለነበር ብዙዎች እሳቱን ያወቁት ደጃቸው ሲደርስ ነው።

ነዋሪውን እንደ ተረጂ ብቻ መቁጠር። በፖርቱጋል ፔድሮጋው ግራንዴ አካባቢ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በሰደድ እሳት ከሞቱት 66 ሰዎች ብዙዎቹ በመኪና ሲሸሹ መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ ለመንደሮች አዲስ መርሃ ግብር ጀመረች፦ በየመንደሩ ከነዋሪው መካከል አንድ የደኅንነት ተጠሪ ይመደባል፣ መጠለያ ቦታ አስቀድሞ ይለያል፣ ልምምድ ይደረጋል። የትኛዋ አሮጊት ያለ ረዳት መውጣት እንደማትችል የሚያውቀው ይህ ተጠሪ ነው።