የጥር ውጤት ሳይጠበቅ፦ ወደ ኋላ የቀሩ ተማሪዎችን ከመስከረም ጀምሮ መደገፍ

በደሴም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት በአብዛኛው የሚታሰበው የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ጥር ላይ ከታወቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ተማሪው ያልገባውን ትምህርት ከአራት ወር በላይ ሲገለብጥ ይቆያል። ስለዚህ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ሥራውን መስከረም ላይ ቢጀምር ይሻላል።

በሁለተኛው ሳምንት ከ4ኛና ከ5ኛ ክፍል ይዘት የወጡ አሥር ጥያቄዎችን ይስጡ። ፈተናው ከማርክ እንደማይታሰብ አስቀድመው ይንገሩ፤ አለዚያ ተማሪው ይኮርጅና እርስዎ የሚያርሙት የጎረቤቱን ዕውቀት ይሆናል። ሲያርሙም ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። 1/2 እና 1/3ን ደምሮ 2/5 የጻፈ ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ መደመር ያውቃል፣ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ለዚህ ልጅ ደንቡን ደግሞ ከማስጻፍ ይልቅ አንድ ድፎ ዳቦ ለስድስት እኩል ሲቆረጥ ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ እንደሚሆን በሥዕል ያሳዩት። 5/6 ላይ ሲደርስ፣ የቀድሞው መልሱ 2/5 ከግማሽ እንኳ እንደሚያንስ ራሱ ያየዋል።

በቃላት የተጻፉ ጥያቄዎችን ብቻ የሚስት ተማሪ ካለ፣ ችግሩ ሒሳብ ሳይሆን ንባብ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ጠርተው አንድ አንቀጽ ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብ ያድርጉ፤ በክፍሉ ፊት ማስነበብ ግን ልጁን ከማሳፈር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርዳት አይቻልም። በስሕተታቸው ዓይነት የሚመሳሰሉ ስድስት ወይም ሰባት ተማሪዎችን መርጠው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለሃያ ደቂቃ አንድ ጉድለት ብቻ ይዘው ያስተምሩ፤ ጉድለቱ ሲሞላም ቡድኑን ይበትኑና በሌላ ጉድለት ሌላ ይመሥርቱ። ያው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ከቀጠለ «የሰነፎች ቡድን» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ያ ስም ደግሞ ከክፍልፋዩ ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ቀኑን ሲመርጡ ሰኞን ቢተዉት መልካም ነው፤ የደሴ ገበያ የሚቆመው በዚያ ቀን ስለሆነ ቤተሰባቸውን የሚያግዙ ልጆች ሊቀሩ ይችላሉ።

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ክስ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥሪ ልጁ ጥቂት ከተሻሻለ በኋላ ያድርጉትና፣ «አብሽሩ፣ ልጅዎ ማባዛቱን ይዞታል፤ ማታ ማታ ደብተሩን ሲከፍት አጠገቡ ይቀመጡለት» ይበሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ብትሆን ይህን ማድረግ አያቅታትም።

ከስድስት ሳምንት በኋላም ለውጥ ካልታየ ልጁ ሰሌዳውን በደንብ ማየቱንና መስማቱን ያረጋግጡ። ከኋላ ወንበር ወደ ፊት አዛውረው ለጥቂት ቀናት ይከታተሉት፤ ዓይኑን እያጠበበ የሚገለብጥ ከሆነ፣ የዓይን ሕክምና ወደሚሰጠው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲወስዱት ለወላጆቹ ይንገሩ።